መንሸራተት ሌላ፣ አለመበላት ሌላ

(ቦታው አንድ ቶርኖ ቤት ነው። ተነጋጋሪዎቹ ዕድሜያቸውን በቶርኖ ሥራ ያሳለፉ አዛውንት ባለሙያና የቁሳቁስ ምሕንድስና የምታስተምር ወጣት መሐንዲስ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ከጠርሙስ መሙያ መስመር ተነቅሎ የመጣ፣ የተበላ ነጭ ቡሽ አለ።)

ባለ ቶርኖው፦ ይህን ቡሽ እስቲ እዪልኝ፣ ልጄ። ንጹሕ ቴፍሎን ነው። ባለቤቱ «ከሁሉ የሚያንሸራትተውን» ብሎ አዘዘኝ፤ ከሱ የበለጠ የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ደግሞ እኔ አላውቅም። አሁን አንዱ ጎኑ ሳስቶ ወረቀት አክሎ ተመለሰ። ዕቃው አስመስለው የሠሩት ይሆን እንዴ?

መሐንዲሷ፦ ዕቃው እውነተኛ ነው፣ ጋሼ። እርስዎም በልኩ ነው የሠሩት። ችግሩ ያለው ትዕዛዙ ላይ ነው። ማንሸራተትና አለመበላት እንደ አንድ ነገር ተቆጥረው ታዘዙ።

ባለ ቶርኖው፦ አንድ አይደሉም እንዴ? ሰበቃ ሲያንስ መበላትም ያንሳል። ግራሶ የምንቀባውስ ለዚሁ አይደል?

መሐንዲሷ፦ ግራሶ ሁለቱን ገጾች ያራርቃቸዋል። ቴፍሎን ግን የሚያንሸራትተው ከራሱ ላይ እየተላጠ ነው። ሞለኪውሉ ረጅምና ቀጥ ያለ የካርቦን ሰንሰለት ነው፤ ዙሪያውን ፍሎሪን ሸፍኖታል። ጎን ለጎን ያሉት ሰንሰለቶች አጥብቀው ስለማይያያዙ ትንሽ ሲገፉ አንዱ በሌላው ላይ ይሄዳል። እናም ስስ ሽፋን ከቡሹ ተነሥቶ ብረቱ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ቴፍሎን የሚታሸው ከቴፍሎን ጋር ነው። የሰበቃው መጠን እስከ 0.05 ድረስ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁንና ያ ሽፋን ይረግፋል፤ በምትኩ ሌላ ይላጣል። የሚያንሸራትተውም የሚያስበላውም ያው አንዱ ጠባይ ነው። በዚያ ላይ ጭነት ሲጫነው ሳይንቀሳቀስ እንኳ ቀስ በቀስ ቅርጹን ይለውጣል። የእርስዎ ቡሽ ሞላላ የሆነው በመበላት ብቻ አይደለም።

ባለ ቶርኖው፦ ይህንን ታዲያ ያልተማረ ሰው ከየት ያውቀዋል?

መሐንዲሷ፦ የተማረውም ከባድ ዋጋ ከፍሎ ነው ያወቀው። ጆን ቻርንሊ የሚባል እንግሊዛዊ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነበር፤ በላንካሻየር፣ በራይቲንግተን ሆስፒታል ይሠራ ነበር። የዳሌ መገጣጠሚያቸው ለተበላሸባቸው ሰዎች ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ለመሥራት ሲነሣ ዋና ሐሳቡ ልክ እንደ ደንበኛዎ ሰበቃን መቀነስ ነበር። የጤነኛ ሰው መገጣጠሚያ እጅግ ባነሰ ሰበቃ ይሠራል። በጊዜው ከነበሩት ጠጣር ነገሮች ደግሞ ለዚህ የሚቀርበው ቴፍሎን ሆኖ አገኘው። ስለዚህ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ የቴፍሎን ጽዋ ዳሌው ውስጥ እየገጠመ፣ የማይዝግ ብረት ኳስ በውስጡ እንዲዞር አደረገ። ሰበቃው የሚፈጥረው የመጠምዘዝ ኃይል እንዲቀንስ ብሎ ኳሱን ወደ 22 ሚሊሜትር ግድም አሳነሰው። ወደ 300 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ገጠመው፤ መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ ሕመማቸው ጠፍቶ መራመድ ቻሉ።

ባለ ቶርኖው፦ ከዚያ ተበላ።

መሐንዲሷ፦ ተበላ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኳሱ ጽዋውን እየቦረቦረ ገባ። ከመበላቱ የባሰው ደግሞ የተላጠው ብናኝ ነበር፤ በዙሪያው ያለውን ሥጋ አስቆጣው፣ መገጣጠሚያውም ላላ። ቻርንሊ ሕሙማኑን መልሶ መቅደድ ግድ ሆነበት። ብናኙ ሰውነት ውስጥ የሚያደርሰውን ለማወቅም ናሙናውን በገዛ ጭኑ ውስጥ አስገብቶ ተመለከተ።

ባለ ቶርኖው፦ በገዛ ጭኑ! እሺ፣ መፍትሔው ከየት መጣ?

መሐንዲሷ፦ ከጨርቅ ፋብሪካ። በ1962 አንድ የፕላስቲክ የማሽን ጥርስ ሻጭ ወደ ሆስፒታሉ መጣ። ይዞት የመጣው በላንካሻየር ለመሸመኛ ማሽኖች ጥርስ መሥሪያ የሚውል፣ ከጀርመን የመጣ ፖሊኢትሊን ነበር። ቻርንሊ ብዙም ዋጋ አልሰጠውም። ሃሪ ክሬቨን የተባለው የወርክሾፑ ባለሙያ ግን ናሙናውን መፈተኛ ማሽን ላይ አስሮ አስነሣው። ቀንና ሌሊት ለሦስት ሳምንት ሠርቶ የተበላው፣ ቴፍሎን በ24 ሰዓት ውስጥ ከሚበላው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከ1962 ኅዳር አካባቢ ጀምሮ ጽዋው በዚያ ፕላስቲክ ይሠራ ጀመር። እስከ ዛሬም በሰው ሠራሽ ዳሌ ውስጥ ከብረት ወይም ከሴራሚክ ኳስ ጋር የሚሠራው በአብዛኛው የዚያው ዘር ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጨረር ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ማያያዝ ሲጀመር ደግሞ መበላቱ ይበልጥ ቀነሰ።

ባለ ቶርኖው፦ እንግዲህ ሐኪሙን ያዳነው የእኔ ቢጤ ነው በዪኛ!

መሐንዲሷ፦ የእርስዎ ቢጤ ነው፤ ግን መፈተኛ ማሽን ነበረው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በብረት ላይ ሲሄድ የፖሊኢትሊኑ ሰበቃ ከቴፍሎን ይበልጣል። በመንሸራተት ተበልጦ በዕድሜ በለጠ።

ባለ ቶርኖው፦ ፖሊኢትሊን ስትዪ ይህ ፌስታል የሚሠራበት? እሱ ምን ጥንካሬ አለው?

መሐንዲሷ፦ ዘሩ አንድ ነው፤ ርዝመቱ ግን ሌላ ነው። የዚህኛው ሞለኪውል ክብደት ከ3 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ፌስታል ከሚሠራበት በብዙ እጥፍ ይረዝማል። ሰንሰለቶቹ ስለሚጠላለፉ አንዲት ቅንጣት ተገንጥላ መውጣት ይቸግራታል። ቅንጣት ካልተገነጠለ ደግሞ መበላት የለም።

ባለ ቶርኖው፦ እኔ የማውቀው ጠንካራው ለስላሳውን ይበላል የሚለውን ነው። ለብረት የምንመርጠው እንደዚያ ነው።

መሐንዲሷ፦ ለብረት አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። አርቻርድ የሚባል እንግሊዛዊ በ1953 ያወጣው ሕግም ይህንኑ ይላል፤ የሚበላው መጠን በጭነቱና በተሄደው ርቀት ልክ ይጨምራል፣ በጥንካሬው ልክ ይቀንሳል። ፕላስቲክ ላይ ግን ጥንካሬ ብቻውን ያሳስታል። አክሪሊክ ጠንካራ ነው፣ ሻካራ ነገር ሲያሸው ግን ቶሎ ይበላል፤ ስለማይለጠጥ ተሰብሮ ይወጣል። ሻካራ ገጽ ሲያርሰው የሚረዳው ጉተታን የመቋቋም አቅሙና ከመቆረጡ በፊት የሚለጠጥበት መጠን ሲባዙ የሚሰጡት ውጤት ነው። ያ ረጅሙ ፖሊኢትሊን በዚህ ስሌት ከፊተኞቹ ተርታ ይገኛል። የድንጋይና የአሸዋ መኪና አልጋ፣ የእህል ማውረጃ አሸንዳ፣ የጠርሙስ መስመር መሪ ሐዲድ የሚለበሱት በሱ ነው። በውኃና በአሸዋ ፈተና ተራ ብረትን ይበልጣል።

ባለ ቶርኖው፦ በቃ፣ ሁሉንም ቡሽ በሱ ልሥራ።

መሐንዲሷ፦ ሙቀት ሲመጣ ጉድ ይሆናሉ። ከ80 ዲግሪ በላይ አያሠሩትም፤ 135 አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። ጭነት ሲበዛበትም ቅርጹን ይለውጣል። ሌሎቹ ፕላስቲኮች የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። አሴታል የሚቀልጠው በ175 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ልኩን ጠብቆ ይኖራል፣ ለማሽን ጥርስ ተስማሚ ነው። ናይለን 66 የሚቀልጠው 260 ግድም ሲደርስ ነው። ፒ.ፒ.ኤስ. 285 አካባቢ ይቀልጣል፣ ለኬሚካል አይበገርም። ፒክ የሚባለው በ1978 በእንግሊዙ አይ.ሲ.አይ. ኩባንያ የተገኘ ሲሆን የሚቀልጠው በ343 ዲግሪ ነው፤ በ250 ዲግሪ ያለማቋረጥ ይሠራል።

ባለ ቶርኖው፦ ታዲያ ገንዘብ ያለው ፒክ ገዝቶ ይገላገል።

መሐንዲሷ፦ ዋጋው ከናይለን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንዲያም ሆኖ ንጹሕ ፒክ ያለ ቅባት በብረት ላይ ሲሄድ የሰበቃው መጠን ከ0.3 ይበልጣል፤ ይሞቃል፣ ይበላልም። ፒክን ለቡሽ የሚያበቃው የሚጨመርበት ነገር ነው። የተለመደው አሠራር 10 በመቶ ቴፍሎን፣ 10 በመቶ ግራፋይት፣ 10 በመቶ የካርቦን ክር ነው። ቴፍሎንና ግራፋይቱ ያንሸራትታሉ፣ ክሩ ጭነቱን ይሸከማል። ያ የናቅነው ቴፍሎንም እንዲሁ ነው፤ የነሐስ ዱቄት፣ የካርቦን ወይም የብርጭቆ ክር ሲጨመርበት መበላቱ በመቶዎች እጥፍ ሊቀንስ ይችላል። የተጨመረው ነገር ሽፋኑ በትልልቅ ቅርፊት እንዳይላጥ ይይዘዋል።

ባለ ቶርኖው፦ የብርጭቆ ክር ያለበትን ቆርጫለሁ፤ ስለቱን በአንድ ቀን ነው የጨረሰብኝ።

መሐንዲሷ፦ ስለትዎን ከጨረሰ ሻፍቱንም ይጨርሳል። የብርጭቆ ክር ያለበትን ፕላስቲክ ለስላሳ ሻፍት ላይ፣ በተለይ አሉሚኒየምና ተራ የማይዝግ ብረት ላይ አይግጠሙት። እሱ የሚፈልገው በእሳት የጠነከረ ሻፍት ነው። የካርቦን ክር ለሻፍት ይራራል። የሻፍቱም ገጽ እንደዚያው ነው፤ ሻካራ ከሆነ እንደ ሞረድ ይፈገፍገዋል።

ባለ ቶርኖው፦ ገባኝ፤ ሻፍቱን መስታወት እስኪመስል ልወልውለው።

መሐንዲሷ፦ እሱም አይበጅም። ያ ሽፋን የሚለጠፍበት ትንሽ ሸካራነት ይፈልጋል። ለብዙዎቹ ፕላስቲኮች ከ0.2 እስከ 0.4 ማይክሮን አማካይ ሸካራነት ይስማማል፤ ያ ደግሞ ጥሩ የድንጋይ ልስላሴ ነው። አዲስ ቡሽ መጀመሪያ ላይ ቶሎ የሚበላውም ሽፋኑን እስኪሠራ ነው፤ ከዚያ ይረጋጋል። አንዳንድ ሠራተኛ ቡሽ ሲቀይር ሻፍቱ ላይ የተለጠፈውን ሽፋን እድፍ መስሎት በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ያነሣዋል፤ አዲሱም ቡሽ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። ዕቃው ያው ከሆነና ሻፍቱ ካልተቧጨረ ሽፋኑን መተው ነው።

ባለ ቶርኖው፦ ይህን አልሰማሁም ነበር። አሁን ወደ ሥራዬ እንመለስ። ይህ ቡሽ 160 ኪሎ ግድም ይሸከማል። ሻፍቱ 40 ሚሊሜትር፣ ቡሹም 40 ሚሊሜትር ይረዝማል። በደቂቃ 100 ጊዜ ይዞራል። ምን ልሥራበት?

መሐንዲሷ፦ እናስላው። 160 ኪሎ ወደ 1600 ኒውተን ነው። የሻፍቱን ስፋት በቡሹ ርዝመት ሲያባዙ፣ 40 በ40፣ 1600 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። ጭነቱን ለዚያ ሲያካፍሉ ግፊቱ 1 ሜጋፓስካል ነው። የገጹ ፍጥነት ደግሞ በደቂቃ 100 ዙር ሲባል በሰከንድ 0.21 ሜትር ግድም ይመጣል። ግፊቱን በፍጥነቱ ያባዙት፤ 0.21 ይሆናል። ግፊት በፍጥነት የሚባለው ይህ ነው፤ የፕላስቲክ ቡሽ መጀመሪያ የሚፈተነው በዚህ ቁጥር ነው። ምንም ያልተጨመረበት አሴታል ያለ ቅባት የሚችለው 0.1 አካባቢ ነው። ንጹሕ ቴፍሎን ከዚያም ያንሳል። ደንበኛዎ ያዘዘው ቡሽ ከመገጠሙ በፊት በወረቀት ላይ ወድቆ ነበር።

ባለ ቶርኖው፦ ግፊቱና ፍጥነቱ ለምን ይባዛሉ? ለየብቻ ቢታዩስ?

መሐንዲሷ፦ ለየብቻም ይታያሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ጣሪያ አለው። ብዜቱ የሚነግረን ግን ሙቀቱን ነው። የሚፈጠረው ሙቀት የሰበቃው፣ የግፊቱና የፍጥነቱ ብዜት ነው። ብረት ሙቀትን ከፕላስቲክ በ200 እጥፍ ያህል አሻግሮ ያስተላልፋል። ፕላስቲክ ለሻፍት ጋቢ ነው፤ ሙቀቱን ይዞ ያስቀረዋል። ከውጭ ሲዳስሱት ቀዝቃዛ የሆነ ቡሽ ከውስጥ ለስልሶ ሊቀልጥ ይችላል። መፍትሔው የቡሹን ግድግዳ ማሳሳትና በብረት ቤት ውስጥ ማስገባት ነው። ወፍራም ይበረታል ብሎ ማወፈር ሙቀቱን ማፈን ነው።

ባለ ቶርኖው፦ እኛ ደግሞ ለዕድሜው ብለን እናወፍረዋለን። ሲሞቅስ ያብጥ የለ?

መሐንዲሷ፦ በደንብ! 100 ሚሊሜትር የአሴታል ዘንግ በ40 ዲግሪ ሲሞቅ 0.4 ሚሊሜትር ግድም ይረዝማል፤ ብረት በዚያው ሙቀት 0.05 እንኳ አይሞላም። ቡሹ በብረት ቤት ውስጥ ታስሮ ወደ ውጭ መስፋት ስላልቻለ ወደ ውስጥ ይሰፋል፣ ሻፍቱን ይነክሳል። ስለዚህ ለነሐስ የሚተዉትን ክፍተት ለፕላስቲክ አይተዉ፤ ሰፋ ያድርጉት። ናይለን ሲሆን ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት፤ ውኃ ይጠጣል። ናይለን 66 በመካከለኛ እርጥበት አየር ውስጥ 2.5 በመቶ ያህል፣ ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ከ8 በመቶ በላይ ይጠጣል። ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳልም። ለጠርሙስ መስመር የማልመክረው ለዚህ ነው።

ባለ ቶርኖው፦ ግን ውኃው እኮ ያቀዘቅዘዋል። ለኛ ቡሽ በረከት አይደለም?

መሐንዲሷ፦ ግማሽ በረከት ነው። ሙቀቱን ያወጣል፤ ነገር ግን ሻፍቱ ላይ ሽፋን እንዳይለጠፍ ያደርጋል። በዚያ ሽፋን የሚተማመን የቴፍሎን ቅይጥ ውኃ ውስጥ ሲገባ ከደረቁ ይልቅ ሊበላ ይችላል። ከውኃውም በላይ የምጠይቀው ማጠቢያውን ነው። መስመሩን በምን ያጥቡታል?

ባለ ቶርኖው፦ አንዳንዱ በክሎሪን፣ አንዳንዱ በሙቅ ሶዳ።

መሐንዲሷ፦ ክሎሪንና ጠንካራ አሲድ አሴታልን ይጎዱታል። ሙቅ ሶዳ ደግሞ ፒ.ኢ.ቲ.ን ይበላዋል፤ ይህ የውኃ ጠርሙስ ከሚሠራበት ጋር አንድ ዘር የሆነ ፕላስቲክ ለቡሽም ይሠራል፣ እርጥበት እምብዛም አይጠጣም። እንግዲህ በክሎሪን ከሆነ የሚያጥቡት፣ ጠጣር ቅባት የተቀላቀለበት ፒ.ኢ.ቲ.፤ በሶዳ ከሆነ፣ ጠጣር ቅባት የተቀላቀለበት፣ ኮፖሊመር የሚባለው የአሴታል ዓይነት። ቦታ ካለ ቡሹን ከ40 ወደ 80 ሚሊሜትር ያርዝሙት፤ ግፊቱ በግማሽ ይወርዳል፣ ያ 0.21 ወደ 0.1 ይመጣል። ርዝመት መጨመር ከዕቃ መቀየር የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ባለ ቶርኖው፦ እኔ ደግሞ የምልሽ አለኝ። በዘይት እየታጠበ በከፍተኛ ፍጥነት ለሚዞር ሻፍት ነሐስን የሚያህል አላየሁም።

መሐንዲሷ፦ እውነትዎን ነው። ዘይቱ ሳይቋረጥ የሚደርስ ከሆነ፣ ፍጥነቱና ሙቀቱም ከፍ ካለ፣ ነሐስ ሙቀትን ስለሚያስተላልፍ ይሻላል። ፕላስቲክ የሚያሸንፈው ዘይት በማይደርስበት፣ ዘይት ምርቱን በሚያበላሽበት፣ ውኃና ብናኝ ባለበት፣ ድምፅ እንዲቀንስ በሚፈለግበት ቦታ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶችን ሲያገናኙም አንዱን አሴታል አንዱን ናይለን ያድርጉት፤ ያው ዓይነት ከያው ዓይነት ጋር ሲታሽ ብዙ ጊዜ ይበላላል።

ባለ ቶርኖው፦ እንግዲህ ከሁሉ የማይበላው ፕላስቲክ የትኛው ነው ቢሉኝ ምን ልመልስ?

መሐንዲሷ፦ ለብቻው የማይበላ ፕላስቲክ የለም ይበሉ። የመበላት ቁጥር የፕላስቲኩ ብቻ አይደለም፤ የፕላስቲኩ፣ የሻፍቱና የሥራው ነው። በአንዱ ፈተና አንደኛ የወጣው በሌላው መጨረሻ ይሆናል። የሻጩ ሰንጠረዥ ላይ የሚያዩት ቁጥር የተለካው በሱ ሻፍት፣ በሱ ፍጥነትና በሱ ሙቀት ነው። ለመምረጥ ያግዛል፤ የቡሹን ዕድሜ ግን አይነግርም። ከተቻለ እንደ ክሬቨን በራስ ሻፍት ላይ አስሮ መሞከር ነው።

ባለ ቶርኖው፦ ከአሁን በኋላ የፕላስቲክ ስም ብቻ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ አልቆርጥም። ስንት ኪሎ እንደሚሸከም፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ፣ ሻፍቱ ከምን እንደተሠራ፣ በምን እንደሚታጠብ በወረቀት ጽፎ ያምጣ። የፕላስቲኩን ዓይነት እኛ እንነግረዋለን።